ተያዥ አምጣ

መልእክቱ የገባው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። «ጤና ይስጥልኝ። ስለ ቤት ኪራይ ሕግ የተጻፈውን ጽሑፍ የጻፉት እርስዎ ነዎት? ካላስቸገርኩዎት አንድ ነገር ልጠይቅዎት ፈልጌ ነበር» ይላል።

እርስዎ! በሕይወቴ እርስዎ ያለኝ ሰው ቢኖር የባንክ ጥበቃ ብቻ ነው (እሱም ሲፈትሸኝ)። ልጅቷ ግን አልተሳሳተችም። እሷ የምታናግረው እኔን ሳይሆን ከጽሑፉ ግርጌ ፎቶው ያለውን፣ ጸጉሩ ገብስማ የሆነውን፣ በመነጽሩ ላይ አሻግሮ ፈገግ የሚለውን «የሕግ አማካሪ» ነው። ችግሩ ሰውዬው በዚህ ዓለም ላይ የለም። ሞቶ አይደለም… አልተወለደም። ፊቱን የሠራው ኤአይ ነው። ስሙን ደግሞ የድረ ገጹ ባለቤትና እኔ ማኪያቶ እየጠጣን ነው ያወጣንለት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» ብዬ መለስኩላት።

ከዚያ ጉዳይዋን ዘረዘረች። ኮልፌ አካባቢ አንዲት ሰርቪስ ቤት በወር 7,000 ብር ተከራይታለች። አከራይዋ የስድስት ወር ቅድሚያ ጠየቋት። «ሕጉ ይፈቅዳል ወይ?» ብላ ኢንተርኔት ላይ ስትፈልግ የእኔን ጽሑፍ አገኘች። ጽሑፉ አከራይ እስከ 6 ወር ቅድሚያ መጠየቅ ይችላል ይላል፤ አንቀጽ ሁሉ ጠቅሷል። እሷም እቁብተኛውን ለምና እጣ ቀድማ ወሰደች፣ ከእህቷ ተበደረች፣ 42,000 ብር ቆጥራ አስረከበች። በኋላ ውሉን ለማስመዝገብ ወረዳ ስትሄድ ሠራተኛው አየት አደረገውና «ስድስት ወር ማን ፈቀደላቸው?» አላት። ስልኳን አውጥታ የኔን የሕግ አማካሪ አሳየችው። ሰውዬው ሳቀ። ከኋላዋ የተሰለፉትም ሳቁ።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚለው፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም ነው። ሁለት! ይህን ለማወቅ ጠበቃ መሆን አያስፈልግም፤ አዋጁን ገልጦ ማንበብ ነው። እኔ አልገለጥኩትም።

እንግዲህ ንስሐ ከጀመርኩ ሙሉውን ልናዘዝ። በዚያ ድረ ገጽ ላይ በአንድ ጽሑፍ 400 ብር ነበር የሚከፈለኝ። መጀመሪያ አካባቢ እንደ ሰው ነበር የምሠራው። ስለ ሕግ ከሆነ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሄጄ ነጋሪት ጋዜጣ እገዛለሁ፣ ወረዳ ሄጄ ወረፋ እይዛለሁ፣ የገባኝንና ያልገባኝን ለይቼ እጠይቃለሁ። አንዷ ጽሑፍ ሁለትና ሦስት ቀን ትፈጃለች። የታክሲውን ብር ሲቀንሱበት 400 ብሩ ምን እንደሚሆን እናንተው አስሉት። ከዚያ ኤአይ መጣ። ርእስ ትሰጠዋለህ፣ ውኃ ትጎነጫለህ፣ ጽሑፉ አልቋል። የኪራዩን ጽሑፍ ከነአርእስቱ፣ ከነፎቶው አስራ አንድ ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። አስራ አንድ ደቂቃ የሆነውም ኔትወርኩ ተቋርጦ ነው።

ማሽኑ ስድስት ወርን ከየት አመጣው? በኋላ ብዙ አሰብኩበት። እነዚህ ማሽኖች የሚሠሩት ቀጥሎ ይመጣል ተብሎ የሚገመተውን ቃል እየደረደሩ ነው። በአማርኛ ኢንተርኔት ላይ ያለው ጽሑፍ ጥቂት ነው፤ አዋጆቻችን ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚዞሩት ፎቶ ተነስተው ወይ ስካን ተደርገው ነው። ስለዚህ ክፍተቱን ከሌላ አገር ሕግ፣ ከደላላ ወሬ፣ ከሰፈር ልማድ ቀድቶ የሚሞላው ይመስለኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ስድስት ወር የሚጠይቅ አከራይ ሞልቷል፤ ልማዱ ሕግ መስሎት ይሆናል። የአንቀጹን ቁጥር ግን ከልማድ አላገኘውም። እሱን ፈጥሮታል፤ አንቀጽ ያለው ነገር እንደሚታመን ከእኛው ተምሯል።

እዚህ ላይ ስለ ነጋሪት ጋዜጣ አንድ ነገር ልበል። አይታችሁት ከሆነ ሽፋኑ ላይ የአዋጁ ቁጥር አለ፣ ቀኑ አለ፣ የገጹ ቁጥር አለ፣ ያንዱ ዋጋ የሚል አለ፣ ከዚያ ደግሞ የፖስታ ሣጥን ቁጥር አለ፤ 80001። ድሮ ስገዛው ይህ የፖስታ ሣጥን ያስቀኝ ነበር። ለሕግ ደብዳቤ የሚጽፍ ማነው? እል ነበር። ከመጨረሻው ገጽ ደግሞ የፈረመው ሰው ስም አለ። ኪራዩን በሚመለከተው አዋጅ ላይ የፈረሙት በወቅቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሳህለወርቅ ዘውዴ ናቸው። ስም፣ ቀን፣ አድራሻ። ብትወዱትም ባትወዱትም «ይህን ማን አለ?» ስትሉ መልስ አለው። የእኔ የሕግ አማካሪ ግን ከፈገግታው በቀር ምንም የለውም።

ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አጎቴ ትዝ አለኝ።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ አንድ የግል ድርጅት በገንዘብ ያዥነት ሊቀጥረኝ ፈልጎ «ተያዥ አምጣ» አለኝ። ተያዥ ማለት ታውቁታላችሁ፤ አንተ ብሩን ይዘህ ብትጠፋ በደመወዙ የሚከፍል ሰው ማለት ነው። የማላንኳኳው በር አልነበረም። አንዱ «ደመወዜ በባንክ ብድር ተይዟል»፣ ሌላው «ሚስቴ አትፈቅድም»… በመጨረሻ አጎቴ ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ደብዳቤ አጽፎ መጣ። ሲፈርም እጁ አልተንቀጠቀጠም። ከወጣን በኋላ ግን «ልጄ፣ አሁን አንተ ስትሰርቅ እኔ ነኝ የምታሰረው» አለኝ፤ እየሳቀ። እዚያ በሠራሁባቸው ሁለት ዓመታት አንድ ብር ቢጎድል ትዝ የሚለኝ የአለቃዬ ፊት ሳይሆን የአጎቴ ፊርማ ነበር።

ጽሑፍም እንዲሁ ነው ለካ። አንባቢ አንድን ጽሑፍ አምኖ ገንዘቡን፣ ጤናውን፣ ፈተናውን ሲያስረክብ በልቡ የሚጠይቀው «ተያዡ ማነው?» ብሎ ነው። ድሮ አንባቢው ይህን በግምት ይመልሰው ነበር። ጽሑፉ ረጅም ከሆነ፣ የተስተካከለ ከሆነ፣ አንቀጽና ቁጥር ከያዘ አንድ ሰው ደክሞበታል ማለት ነው፤ የደከመ ሰው ደግሞ በከንቱ አይዋሽም። አሁን ያ ግምት አይሠራም። ማማር በነጻ ሆኗል።

በዚህ የተያዝኩት እኔ ብቻ አይደለሁም (መጽናኛ ከሆነኝ)። ከ1954 ጀምሮ በአሜሪካ ሲታተም የኖረው ስፖርትስ ኢላስትሬትድ፣ ከ70 ዓመት ገደማ ስም በኋላ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ጉድ ወጣበት። ፊውቸሪዝም የተባለ ድረ ገጽ እንዳጋለጠው የመጽሔቱ ድረ ገጽ በሌሉ ጸሐፊዎች ስም ጽሑፍ ያወጣ ነበር፤ የአንደኛው «ጸሐፊ» ፎቶ እንዲያውም በኤአይ የተሠሩ ፊቶች በሚሸጡበት ገበያ ላይ ተገኘ። መጽሔቱ ዕቃውን ያቀረበልኝ ሌላ ድርጅት ነው፣ ጽሑፎቹን ሰው ነው የጻፋቸው ተብያለሁ ብሎ ተከላከለ። ይሁንላቸው። ፊቱ ግን የሰው አልነበረም። ይህን ሳነብ የእኔ የሕግ አማካሪ ወንድሞች እንዳሉት ገባኝ።

ሌላው ደግሞ ቺካጎ ሰን ታይምስ ላይ የደረሰው ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ከጋዜጣው ጋር በወጣ ዕትም «ለበጋ የሚነበቡ» ተብለው ከተዘረዘሩት 15 መጻሕፍት 10ሩ በዓለም ላይ የሌሉ ነበሩ። ደራሲዎቹ አሉ፤ ኢዛቤል አየንዴን የመሰሉ የታወቁ ሰዎች ናቸው። መጻሕፍቱ ግን የሉም። ዝርዝሩን ያዘጋጀው ሰው ለጋዜጣው የሚሠራ አልነበረም፤ ከውጭ ድርጅት የተገዛ ሥራ ነው። ነገር ግን ሰውዬው ስም ነበረው። ተጠየቀ። ኤአይ ተጠቅሜያለሁ፣ አላጣራሁም፣ ጥፋቱ የኔ ነው አለ። ሥራውን አጣ፣ ዓለም ሳቀበት። እኔ ግን በዚያ ሰው ትንሽ ቀናሁ። ቢያንስ ሲጠሩት «አቤት» የሚል ነበር።

«ታዲያ በኤአይ የተጻፈውን የሚለይ ማሽን አለ አይደል?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። የለም ማለት ይቀላል። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 መለያ አውጥቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ ዘጋው። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት መለያዎችን ወስደው እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ባልሆነ ሰዎች የተጻፉ 91 የቶፍል ድርሰቶችን አስፈተሹ። ሁሉንም የጻፋቸው ሰው ነው። ማሽኖቹ ግን በአማካይ ከ61 በመቶ የሚበልጡትን «ኤአይ ነው የጻፈው» አሏቸው። የአሜሪካ የስምንተኛ ክፍል ልጆችን ድርሰት ሲሰጧቸው ግን በትክክል ለዩ። ለስኮላርሺፕ እንግሊዝኛ ስትጽፍ ያደረች የኛ ሰፈር ልጅ፣ ቃላቷ የተቆጠቡና ያልተወሳሰቡ ስለሆኑ ብቻ ማሽን ልትባል ነው ማለት ነው።

በአማርኛም መጥቶብናል። አንድ ወዳጄ አለኝ፤ «ሀ»ን ከ«ሐ» እና ከ«ኀ»፣ «ሠ»ን ከ«ሰ» ሳያምታታ የሚጽፍ፣ ነጠላ ሰረዝን በቦታዋ የሚያስቀምጥ፣ የአማርኛ አስተማሪዎች ሲጸልዩለት የኖሩት ዓይነት ልጅ። ባለፈው ስለ ፒያሳ ጽፎ ነበር። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ሳይፈርስ በፊት ሥጋ የበላበትን ቤት፣ የባለቤቷን አነጋገር፣ የደረጃውን መንሸራተት ሁሉ። የመጀመሪያው አስተያየት ምን አለው? «ብሮ፣ ኤአይ ነው የጻፈልህ፤ ሰው እንዲህ አስተካክሎ አይጽፍም»። ልጁ ሦስት ቀን አመመው። አሁን የፊደል ግድፈት የሰውነት ማስረጃ ሆኗል፤ ትንሽ ቆይቶ «ይህ ጽሑፍ ከነስህተቱ የቀረበ ነው» ብለን ማኅተም ሳንመታ አንቀርም።

እርግጥ እኔም ሳላውቀው አፍንጫዬ ያሸተዋል። «በዛሬው ፈጣን ዓለም ውስጥ» ብሎ የጀመረ፣ በሁለተኛው መስመር «ወሳኝ ሚና ይጫወታል» ያለ ጽሑፍ ሳይ ስልኬን አስቀምጣለሁ። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ከኤአይ በፊትስ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት እንዲህ አልነበረም? ማሽኑ ከማን ተማረው?

ወደ ተያዡ ልመለስ። «እንግዲያው ሁሉም በእውነተኛ ስሙ ይጻፍ» የሚሉ አሉ። አይሆንም። ድሮ የግል ጋዜጦች በነበሩበት ዘመን ግማሹ አምደኛ በብዕር ስም ነበር የሚጽፈው፤ ምክንያቱን ለእናንተ አልነግርም። ሆኖም የጋዜጣውን ጥግ ብታዩ በትንንሽ ፊደል «ዋና አዘጋጅ» ይልና ስሙን፣ ወረዳውን፣ ቀበሌውን፣ የቤት ቁጥሩን ሁሉ ያስቀምጥ ነበር። የቤት ቁጥር! ልጅ ሆኜ አባቴ ጋዜጣውን ከጨረሰ በኋላ ያንን ጥግ እያነበብኩ «ሄደን ብናንኳኳ ይከፍቱልናል?» እለው ነበር። አምደኛው ስሙ የውሸት ቢሆንም ከጀርባው የቤት ቁጥር ያለው ሰው ቆሟል። ፖሊስም ሲመጣ የሚሄደው እዚያ ነበር። እዳው እንዲህ ከባድ እንዲሆን አልመኝም፤ ግን የብዕር ስምና የሌለ ሰው አንድ አለመሆናቸውን ያኔ ማወቅ ነበረብኝ።

አጎቴ (ያው ተያዤ) በልጅነቱ ጎጃም ቅኔ ቤት ቆይቷል። ስለ ሕግ አማካሪዬ ስነግረው በጣም የገረመው ፎቶው ነበር። ኤአይ ጽፎልኝ ነበር ስለው ግን አልገረመውም። «እኛም ጋ ነበር» አለኝ። ቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ እየሰሙ ያርማሉ። ቅኔ ደግሞ የሚደገም ነገር አይደለም፤ ያንተ፣ አዲስና ለዚያ ቀን የሆነ መሆን አለበት። አንዳንዱ ግን ከቀደሙት የሰማውን ይዞ ይመጣል። «የኔታ እንዴት ያውቁ ነበር?» አልኩት። «ጥሩ ስለሆነ አይደለም የሚያውቁት» አለኝ፤ «ፍታው ይሉታል። ሰሙን ከወርቁ ሲለይ፣ ይህን ቃል ለምን እዚህ አስገባህ ሲሉት ይንተባተባል። የራሱ የሆነው ግን ቅኔው መጥፎ ቢሆንም ሲፈታው ያምርበታል።» (ደግሞ የሚገርመው፣ ከራስ አፍልቆ ቅኔ መናገርን «ቅኔ መዝረፍ» ነው የምንለው። እውነተኛው ዘራፊ የሌላውን ያልወሰደው ሲሆን እንግዲህ…)

ራሴን እንደዚያ ተማሪ አቆምኩት። ልጅቷ «ስድስት ወር የሚለው የት ነው?» ብትለኝ ልፈታው አልችልም። እሷን ትቼ ለራሴም።

ስለዚህ ያንን ሥራ ተውኩ ብል ደስ ባለኝ። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ለባለቤቱ «ፎቶው ይነሳ፣ ማረሚያ ይውጣ» ስለው «አንባቢ ይሸሻል» አለኝ፣ ተጨቃጨቅን፣ አሰናበተኝ። ማረሚያው ሳይወጣ ጽሑፉ ብቻ ጠፋ። ያነበቡት ሰዎች ግን አብረው አልጠፉም።

አሁን ስጽፍ ከታች አራት መስመር አስቀምጣለሁ። በዓይኔ ያየሁት ይህ ነው። ያነበብኩት ይህ ነው፣ ቁጥሩና ገጹ ይኸው። ማሽን ያገዘኝ እዚህ ላይ ነው (አዎ፣ አሁንም እጠቀማለሁ፤ ረጅም ሰነድ ሲያሳጥርልኝ ደስ ይለኛል፣ ከዚያ ዋናውን ራሴ አነባለሁ)። ስህተት ካገኛችሁ በዚህ ጻፉልኝ፤ ያረምኩትንም ከነቀኑ እዚያው እተወዋለሁ። ጉግል እንኳ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 ድረ ገጾችን ለሚመዝኑለት ሰዎች በሰጠው መመሪያ ላይ «ጸሐፊው ነገሩን ራሱ አልፎበታል ወይ?» የሚል መለኪያ ጨምሯል። ወዲያው «እኔ ራሴ ሞክሬው» እያለ የሚጀምር የማሽን ጽሑፍ ዓለምን ሞላው እንጂ! ለጉግል ብሎ አራቱን መስመር የሚጽፍ ሰው መዋሸት አያቅተውም። እኔ የምጽፋቸው ለዚያች ልጅ ነው። አንዷ ጽሑፍ አሁን አራት ቀን ትፈጃለች፤ ገቢዬን አትጠይቁኝ።

ልጅቷን ያገኘኋት ቅዳሜ ዕለት፣ ኮልፌ አስራ ስምንት ማዞሪያ ነው። ከታክሲ ወርጄ እጄን ሳነሳላት ከኋላዬ ሌላ ሰው ፈለገች።

«አንተ ነህ?» አለችኝ። እርስዎነቱ እዚያ ላይ አበቃ።

«እኔ ነኝ።»

«ፎቶው ግን…»

«ፎቶው ሰው አይደለም።»

ብዙ ዝም አለች። ስድብ እየጠበቅኩ ነበር። «ጠበቃ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር እኮ» ብቻ አለችኝ። ከስድብ የባሰ ነው።

የመጣሁት አከራይዋ ጋ አብሬያት ልገባ ነው። ብቻዋን ብትሄድ «ማን አሳሳተሽ?» ቢሏት የምታሳየው ሰው የላትም፤ ጽሑፉም ጠፍቷል። እትዬ (እንዲህ ነው የምትጠራቸው) በር ላይ ተቀበሉን። ስልሳውን ያለፉ ይመስሉኛል። ቡና እያፈሉ ነበር፤ ተቀመጡ አሉን። ልጅቷ ስለ ሁለት ወሩ ነገረቻቸው፣ አዋጁን አወጣሁ፣ ገጹን አሳየሁ።

እትዬ አዋጁን አላዩትም። እኔን ነው ያዩት። «አንተ ደግሞ ምኗ ነህ?»

«ስለ ኪራይ ሕግ የተጻፈውን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«የትኛውን?» አሉና መነጽራቸውን አድርገው ስልካቸውን ያገላብጡ ጀመር። ልጃቸው ልኮላቸው ኖሯል፤ ከነፎቶው ስክሪንሾት አድርጎ። ያ የሕግ አማካሪዬ በእትዬ ስልክ ላይ ፈገግ ብሎ ተቀምጧል! አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩ። «እኔ እኮ» አሉ፣ ረጋ ብለው፣ «ሦስት ወር ነበር ልጠይቃት ያሰብኩት። ልጄ ነው ‹እማዬ፣ ሕጉ ስድስት ይፈቅዳል፣ ጠበቃ ነው ያለው› ያለኝ።»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ ረከቦቱ።

ብሩ የለም፤ ጣሪያቸው ያፈስ ስለነበር ቆርቆሮ ገዝተውበታል። ክረምቱ ቀርቦ ነበርና ልፈርድባቸው አልቻልኩም። ብዙ ከተባለ በኋላ ከትርፉ 28,000 ብር ላይ ግማሹን በሁለት ጊዜ ሊመልሱላት፣ ቀሪው በኪራይ ሊታሰብ ተስማሙ። ሕጉ ከዚህ የተሻለ ይሰጣት ነበር፤ እሷ ግን ከአከራይዋ ጋር ተጣልታ መኖር አልፈለገችም። ስምምነቱን በወረቀት ጻፍኩት፣ ከታች እኔም በምስክርነት ፈረምኩ። በእውነተኛ ስሜ፤ ከነስልክ ቁጥሬ።

ተነስቼ ጫማዬን ሳስር እትዬ አሁንም ስልካቸውን እያገላበጡ ነበር።

«ቆይ እስቲ» አሉኝ። «ይሄ የንብረት ታክስ የሚለውስ? እዚህም ላይ ያው ሰውዬ ነው ያለው። እሱንም አንተ ነህ የጻፍከው?»

«እሱንም እኔ ነኝ» አልኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ።